ሳጥን ያልደረሳት ከተማ

መብራት በጠፋ ቁጥር የጎረቤታችን ጄኔሬተር ይነሳል። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ያስነጥስና ድምፁ ይስተካከላል፤ ከዚያ የናፍጣው ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው «እማ፣ ዝጊው!» ይሉኛል። እኔ ግን እዘገያለሁ። ሽታው ይጣፍጠኛል ብል አታምነኝም። ሞተሩ ግን አሁን አሁን ቀጥ የሚል ይመስለኛል። ልጆቹ እያወሩኝ ጆሮዬ እዚያ ነው። የውኃ ሞተር እየሰማሁ ስላደግኩ ዝም ያለ ሞተር ያስፈራኛል።

ያደግኩት ከነጌሌ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ከተማ ካልናት። አንድ ሰፊ የአቧራ መንገድ፣ ግራና ቀኙን የተሰለፉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በነጌሌ በኩል ሲገባ ትምህርት ቤት፣ በወዲያ በኩል ሲወጣ የጉድጓድ ውኃ። አባቴ የዚያ ጉድጓድ ሞተር ኦፕሬተር ነበር። አያቴ በወታደርነት ከሰሜን መጥቶ እዚያው ቀረ፤ አባቴ እዚያው ተወለደ፤ እኔም እዚያው። አባቴ ቦረናውን በኦሮምኛ፣ ሶማሌውን በሶማልኛ፣ እናቴን በአማርኛ ያናግራል፤ ሞተሩን ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ ይሰድባል። ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድሞ ይነሳና ሞተሩን ያስነሳል። እኔ ተኝቼ ቱክ ቱክ የሚለውን ድምፅ ስሰማ ዓለም ደህና እንደሆነች አውቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ የጀሪካኖቹ መንኳኳት፣ የከብቱ ግሳት፣ የሴቶቹ ሰላምታ ይከተላል። አንዷ «ናጋ?» ስትል ሌላዋ «ነበድ» ትላለች። ሁለቱም ሰላም ማለት ነው።

ከተማዋ የማን እንደሆነች አልተወሰነም ነበር። ሁለት ክልሎች የኔ ናት፣ የኔ ናት ይላሉ። ሁለት አስተዳዳሪዎች፣ ሁለት ማኅተሞች፣ ሁለት ባንዲራ መስቀያዎች ነበሩን። ሞተሩ ተበላሽቶ አባቴ ለአንደኛው ቢሮ ሲያመለክት ግን «ለዚያኛው አመልክት» ይሉታል፤ እዚያኛው ጋ ሲሄድ «ገና ያልተወሰነ ቦታ ላይ በጀት አንይዝም» ይሉታል። በመጨረሻ ሰው አዋጥቶ ያሠራዋል።

አንድ ጊዜ የአገሪቱ ምርጫ ሆነ። በዙሪያችን ወዳሉት ከተሞች የድምፅ መስጫ ሳጥን ሲጫን ወደኛ ሳይመጣ ቀረ። ወሰኑ ያልለየ ቀበሌ አይመርጥም ተባለ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ አባቴ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ መዋሉ ነው። ሬዲዮው ስለ ረጃጅም ሰልፎች ያወራል። ዱብሉቅ የምትባለው ከተማ እንኳ ሳጥን ገብቷል አሉ።

«ምክር ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ወንበር ሲደረደር» አለ አባቴ ለእናቴ፣ «ለኛ አንዲት ዱካ አልተረፈችም። እኛን ወክሎ የሚያስል ሰው እንኳ የለም።»

እናቴ ሩዝ እየለቀመች ነበር። «ካሳልክ አንተው አስል» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

ከጓሯችን አንዲት የግመል ወተት የምትሸጥ ሶማሌ እናት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አላት። ልጅቷ ጓደኛዬ ናት። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሁለታችንን ነጌሌ ላኩን፤ አንድ ክፍል ተከራይተን ኖርን። እሷ ሩዝ ትሠራለች፣ እኔ ሽሮ። እሷ ሶላቷን ስትሰግድ እኔ ምድጃውን እጠብቃለሁ፤ እኔ ስጾም እሷ ወተቷን ከበር ውጭ ቆማ ትጠጣለች። እንዳታስጎመጀኝ ብላ ነው። የእናቴ ልጅ ብትሆን ከዚያ በላይ አላውቃትም ነበር። ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ቤት በተመለስን በዚያው በጋ ድምፅ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ።

ድምፅ ማጉያ የተሰቀለባት መኪና መንገዱን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች በሦስት ቋንቋ ተናገረች። ከተማዋ ወደ የትኛው ክልል እንደምትገባ ነዋሪው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ይወስናል። አባቴ እጁ ዘይት እንደተቀባ ሞተር ቤቱን ጥሎ ሮጦ መጣ።

«ሳጥን ሊመጣልን ነው!»

እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ አየችው። «ይሄ ሰው የሚመረጥበት ሳጥን አይደለም» አለችው። «ሰው የሚለይበት ነው። ምኑ ነው ደስ ያሰኘህ?»

አባቴ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ሞተር ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሁሉም ሰው ዝግ ብሎ መናገር ጀመረ።

እንግዶች መምጣት የጀመሩትም ያኔ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአንዱ ወገን ሁለት ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፤ ሻይ ጠጥተው አባቴን «አንተ እኮ የኛ ሰው ነህ፤ እዚሁ ተወልደህ» ይሉታል። በማግስቱ ከሌላው ወገን ይመጣሉ፤ ያንኑ ቃል በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሁሉም ግን ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው ወደ ሞተር ቤቱ ያያሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያንን አስተያየት አይ ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ እራት አትበላም።

አንድ ማታ አባቴ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «እኔ ድምፅ አልሰጥም» አለ።

«አንተ?» አለች እናቴ።

«ሞተሩን የያዘ ሰው ወገን ከያዘ ውኃውም ወገን ይይዛል። የሰጠሁትን ባልነግራቸውም ይገምቱታል። የገመቱትን ደግሞ ማን ያስለውጣቸዋል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ግን ስጪ። አንቺ ሞተር የለሽም።»

እናቴ አልመዘገብም ብላ ስለነበር የቤታችን ድምፅ እኔ ብቻ ሆንኩ። የመራጭነት ካርዴን ተቀብዬ ስመለስ አባቴ አገላብጦ አየው፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ። ጓደኛዬም ካርዷን ወስዳ ነበር። ስለ ድምፁ ላንነጋገር ተስማማን፤ ሐሳቡ የሷ ነው፣ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን ስለ ድምፁ ላለማውራት ስንጠነቀቅ ስለ ሌላውም ማውራት እየቀነስን መጣን። ከጓሮ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ ስናወራ የኖርን ሰዎች «ደህና ነሽ?» «ደህና» ብለን መለያየት ለመድን።

በውኃው ላይም ለውጥ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ስሄድ ሰልፉ ሁለት ሆኖ አገኘሁት፤ ቦረናው በአንዱ፣ ሶማሌው በሌላው። ሁለት ይሁን ብሎ ያዘዘ የለም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ትናንት ካስቀመጡበት ትንሽ ራቅ አድርገው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በሳምንቱ መሐሉ መንገድ ሆነ። እነዚህ ካሸነፉ ለእነዚያ ውኃ ይዘጋል የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው በሁለቱም ሰልፍ አንድ ዓይነት ነበር። አባቴ አንድ ጀሪካን ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያለ በየተራ ይቀዳ ጀመር፤ ሲቀዳ ሁለቱም ሰልፍ ጀሪካኑ ስንት ጣት እንደጎደለ ያያል። ማታ ሲመለስ ትከሻው ድንጋይ ሆኖ እናቴ በቅባት ታሸዋለች።

ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሞተሩ ቆመ።

ልብስ አጥባ ታሰጣ የነበረችው እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ያን ዓይነት ዝምታ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ለድምፁ ብሎ ከየበረሃው የመጣው ሁሉ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ነው የመጣው። ቀጥሎ ጩኸቱ ተነሳ። ሮጬ ስደርስ ሁለቱ ሰልፎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። «እነሱ ናቸው ያበላሹት» ይላል አንዱ። «እናንተ ናችሁ» ይላል ሌላው። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ ወደ አባቴ ዞሩ።

አባቴ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የሚዞርበትን ፑሌጃ የሚባለውን ክብ ብረት ፈቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። ከመሐሉ ተሰንጥቋል። «ብረት ነው» አለ። «ያረጀ ብረት ነው። ይሰበራል።»

«ዛሬን ጠብቆ?» አለው ከኋላ አንድ ሰው። ከብረቱ ላይ ዘይቱ በአባቴ ክንድ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም።

ታንከሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ለሰው እስከ ማግስቱ ቢደርስ ነው። ለከብቱ ምንም የለም። ብረቱ ነጌሌ ሄዶ መበየድ ነበረበት። ማን ይወስደዋል ሲባል ደግሞ ጠብ ሆነ። የአንዱ ወገን ሰው ይዞት ከሄደ ሌላው አያምንም። አባቴ ራሱ እንዳይሄድ፣ ሞተሩን ጥሎ ጠፋ ሊባል ነው።

የከብቱን የውኃ ተራ የሚያስጠብቁ አንድ ቦረና ሽማግሌ ነበሩ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የማያነሡ። በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ከእነሱ አንድ፣ ከእኛ አንድ፣ ከሞተሩ ቤት አንድ አብረው ይሂዱ» አሉ።

ሐሳቡን ሁሉም ወደደው፤ መሄዱን ግን ማንም አልወደደም። በማግስቱ ድምፅ ይሰጣል፤ ካልተመለሱ ድምፃቸው ይቀራል። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ጓደኛዬ ከሴቶቹ መሐል ወጣች።

«እኔ እሄዳለሁ።»

ታላቅ ወንድሟ ክንዷን ያዘው። «ነገ ድምፅ አለሽ!»

«ነገ ሳይረፍድ እመለሳለሁ። ግመሎቹ ግን እስከ ነገ ወዲያ አይቆዩም።»

ሽማግሌው አዩዋት። «እንግዲያው ከኛ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ አባቴ እኔን ፈለገ። እናቴ ከኋላዬ «አትሄድም! ልጄ አትሄድም!» ስትል ሰማሁ። አባቴ ብረቱን በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ አስታቀፈኝና «ቶሎ» አለኝ።

የወሰደን የአንድ ባለ ሱቅ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ በሌላ ቀን አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነበር፤ ያን ቀን ግን መንገዱን ብቻ ያያል። ሦስታችን ከጎኑ ተጣብበን ተቀመጥን፤ ብረቱ ከኔና ከጓደኛዬ ጉልበት ላይ፣ የሽማግሌው እጅ ደግሞ ከላዩ። ቀዩ አቧራ በመስኮቱ ይገባል። ከኩይሳና ከግራር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሌላ ጊዜ በዚያ መንገድ መኪና ይበዛል፤ ያን ቀን አንድም አልተላለፈንም።

ብዙ ከሄድን በኋላ ሽማግሌው ጓደኛዬን «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። የአባቷን ስም ነገረቻቸው። «ከአባትሽ ጋር የጠፋ ግመል ፈልገናል» አሉ። «ውኃ ባለቀብን ጊዜ የሱን ኮዳ ነው የጠጣነው። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

«አገኛችሁት?» አለቻቸው።

«ግመሉን? ኧረ አላገኘንም።» ፈገግ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር።

ነጌሌ ስንደርስ መብራት የለም። ብረት የሚበየድበትና የሚላጥበት የቶርኖ ቤት ባለቤት ብረቱን አገላብጦ «ይበየዳል፤ ቶርኖም ያስፈልገዋል። መብራት ከመጣ» አለን። መቼ ይመጣል? ትከሻውን ነቀነቀ። ሌላ ቶርኖ ቤት ሄድን፤ ተዘግቷል። ተመልሰን መጣን። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሰውየው ሱቁን ሲዘጋም አልተነሱም። እኛ ዱሮ የተከራየንባት ሴትዮ ቤት አደርን። እንቅልፍ ሳይወስደን ጓደኛዬ «ካልደረስኩ ወንድሞቼ ዓይኔን አያዩም» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ አርፍዶ ነው። ብየዳው ሲፈነጣጠቅ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የተቃጠለ ብረት ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ቶርኖው ብረቱን ሲልጥ ጓደኛዬ ደጅ ትወጣለች፣ ፀሐይዋን ታያለች፣ ትገባለች። ድምፅ መስጫው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስንነሳ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሾፌሩ ፊቱን አማተበና ነዳው።

በመሐል መንገድ ያለው ኬላ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። አንደኛው መታወቂያ ጠየቀ። የጓደኛዬ መታወቂያ ከአንደኛው አስተዳደር ነው፣ የሽማግሌው ከሌላኛው፣ የኔ የተማሪ። ወታደሩ ሦስቱን እያየ «እናንተ የማን ናችሁ?» አለ። ሽማግሌው ነጠላውን ገልጠው ብረቱን አሳዩት። «የዚህ ነን» አሉት። ወታደሩ አልገባውም፤ ግን ለቀቀን።

ከሩቅ ከተማዋን ስናያት ፀሐይዋ ወደ ግራሮቹ ወርዳ ነበር። ትምህርት ቤቱ በመግቢያው ላይ ነው ብዬሃለሁ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገዱ ዳር ድረስ ነበር፤ ሁለት ሰልፍ። እኛን ሲያዩ ሁሉም ጮኹ። የጓደኛዬ ወንድም ከመኪናው ጎን ይሮጥ ጀመር፤ በሩን በመዳፉ እየደበደበ «ውረጂ! ሊዘጋ ነው! ውረጂ!» ይላል። ከዚያኛው ጎን ደግሞ ሽማግሌውን በኦሮምኛ ይጠራሉ። ከመንገዱ ወዲያ ጫፍ፣ ከሞተር ቤቱ በኩል፣ የከብቱ ጩኸት ይሰማል። ጩኸት ያልኩት ሌላ ቃል ስለሌለኝ ነው። ውኃ የጠማው መንጋ በአንድ ድምፅ ሲያለቅስ ሰምተህ ታውቃለህ?

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ትምህርት ቤቱ ወይስ ሞተሩ?» አለ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል።

«እናንተ ልጆች ውረዱ» አሉ ሽማግሌው። «ብረቱን እኔ አደርሳለሁ።»

ጓደኛዬ ብረቱን አልለቀቀችም። «አንቱ ብቻዎን ይዘውት ከገቡ የኛ ሰዎች ምን ይላሉ? እኔ ብቻዬን ብወስደውስ የአንቱ ሰዎች?»

ሽማግሌው ወንድሟን በመስኮቱ አዩት፤ ከዚያ ወደ ሰልፉ። ያን ድምፅ እንዴት ይፈልጉት እንደነበር አውቃለሁ፤ ካርዳቸውን በቆዳ ከረጢት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር። «ዱራ ቢሻን» አሉ። መጀመሪያ ውኃ ማለታቸው ነው። «ንዳው።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ውረጂ። አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም። ሄደሽ ስጪ።»

ልክ ነበረች። ልወርድ እችል ነበር። የአባቴ ድምፅ እኔ ነበርኩ፤ ካርዱ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ደረቴ ውስጥ ነበር። እጄ የበሩን መክፈቻ ይዟል። በመስኮቱ ሳይ ግን ሁለቱ ሰልፎች ዓይናቸውን እኔ ላይ ጥለዋል፤ መሐላቸው ባዶ መንገድ አለ፤ በዚያ ባዶ መንገድ ብቻዬን መሄድ ነበረብኝ። ስወጣም ስገባም ሁሉም ይገምታል። መክፈቻውን ለቀቅኩት። ሰዎች በኋላ ጨዋነት ነው አሉኝ፣ አባቴም እንደዚያ ነው የተረዳው። የፈራሁ ይመስለኛል። ሁለቱም ይሆናል። መኪናው ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄደ፤ ወንድሟ ከኋላችን በአቧራው ውስጥ ቆሞ ቀረ።

አባቴ ብረቱን ሲቀበለኝ አላየኝም፤ እጁን ብቻ ነው ያየሁት። ብርሃኑ እየደበዘዘ ፑሌጃውን ገጠመ፣ ቺንጋውን አጠለቀ፣ ማስነሻውን አዞረ። አልተነሳም። እንደገና አዞረ። ሽማግሌው ከጎኑ ገብተው ማስነሻውን አብረውት ያዙ። በሦስተኛው ሳል ሳል አለና ተነሳ። ውኃው ከቧንቧው ጫፍ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ ጠራ። ከብቱ የእንጨቱን አጥር ጥሶ ገባ፤ ግመሉም ላሙም ፍየሉም አንድ ገንዳ ላይ ተደራረበ፤ ተራ የሚያስጠብቅ አልነበረም። ጓደኛዬ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯ እስኪበሰብስ አልተነሳችም። ከትምህርት ቤቱ በኩል ፊሽካ ሲነፋ ሰማን። ሳጥኑ ተዘጋ።

ውጤቱ ሲነገር ከተማችን ወደ ሽማግሌው ወገን ክልል ገባች። ልዩነቱ በአንድ ሰው ድምፅ የሚለወጥ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም የጓደኛዬ ወንድሞች አኮረፏት። አንድም ጥይት አልተተኮሰም፣ አንድም ቤት አልተቃጠለም፤ ውኃውም አልተዘጋም። ነገር ግን ሶማሌው ከተማዋን ለቆ መሄድ ጀመረ። በሌሎች ቀበሌዎች ውጤቱ ለሌላኛው ክልል ሆኖ ከዚያ ደግሞ ቦረናዎች ቆርቆሯቸውን ነቅለው ወደኛ ይመጡ ነበር። መንገድ ላይ ጭነት ከጭነት ጋር ይተላለፋል።

የጓደኛዬ ቤተሰብ ዕቃ ሲጭን ሽማግሌው መጡ። እኔና እናቴ ፍራሽ እያቀበልን ነበር።

«ማን ነው ሂዱ ያላችሁ?» አሏት የጓደኛዬን እናት።

«ማንም አላለንም» አለች፤ ገመዱን እየጎተተች። «ቆዩ ያለንም የለም።»

«ይኸው እኔ እላችኋለሁ። ቆዩ።»

ገመዱን ለቀቀች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «አንቱ እኮ አንድ ሰው ነዎት» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የገመዱን ሌላ ጫፍ አነሱና ማሰር አገዟት። ጓደኛዬ ከጭነቱ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር፤ መኪናው ሲነሳ እጇን አላውለበለበችም፤ አንገቷን አዙራ እስከምትጠፋ ድረስ ብቻ አየችኝ። አሁን ስልክ እንደዋወላለን። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አንስተን አናውቅም። ሬዲዮ ስለ ወሰን፣ ስለ ዞን፣ ይህ ከተማ ከዚህ ወጥቶ ወደዚያ ገባ ሲል ሁለታችንም የምንሰማው ይመስለኛል፤ በዚያ ሰሞን ትደውላለች፤ ደህንነቴን ብቻ ጠይቃ ትዘጋለች።

ከዚያ በኋላ በመጣው የአገሪቱ ምርጫ ከተማችን ሳጥን ደረሳት። ወሰኗ ለይቷል፤ ወንበርም ተሰጣት። እኔ ከምሠራበት ቦታ ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ነበር። አባቴ በጠዋት ተላጭቶ፣ ሞተሩን ለረዳቱ ትቶ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ወጣ። እናቴ «ቦታ እንዳይሻሙህ ነው?» ብላ ሳቀችበት። ተከትለነው ስንሄድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘነው። አንድ ሰልፍ ብቻ ነበር። ቶሎ ቶሎ እያለ ሄደ፤ ረፋድ ላይ አለቀ፤ አስመራጮቹ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ቤት ስንገባ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም አየት፣ መልሶ አየት አደረገው።

«ምነው፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትመኘው ኖረህ» አለችው እናቴ። «ደስ አላለህም እንዴ?»

«ብሎኛል» አለ። ወደ ጓሮው፣ አጥሩ ወዲያ ወዳለው ሰው የሌለበት ቤት ዞር ብሎ ተመለከተ። «ሰልፉ ግን አጠረብኝ።»

እናቴ ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች።